ሳይመረመር አይቀበር

ርእሰ አንቀጽ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሻገረው መንገድ የሚለያዩት ወረታ ላይ ነው። ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ ጉማራና ርብ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ሜዳ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የኅብረታችን አባል የሆነ ተማሪ በሰሚስተሩ ዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ በሄደ ጊዜ ያየውን ነገር ለዝግጅት ክፍላችን ነግሮናል። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለምና። ያየው ነገር ትንሽ ነው። ነገር ግን እኛ ተማሪዎችም ሆንን መምህሮቻችን ልንነጋገርበት የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው የዚህን እትም ርእሰ አንቀጽ ሰጥተነዋል።

የትምህርት ቤቱ የሬከርድ ክፍል ኮምፒዩተር አንድ ጧት አልነሣ አለ። ማራገቢያው ይዞራል፤ መብራቱ ይበራል፤ በስክሪኑ ላይ ግን የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ይልና ይጠፋል፤ እንደገና ብቅ ይልና እንደገና ይጠፋል። ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያውም ሳጥኑን ሳይከፍት፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» አለ፤ ተደረገም። የአራት ዓመት የተማሪዎች ውጤት፣ የመልቀቂያና የዝውውር ደብዳቤዎች ሁሉ አብረው ጠፉ። ኮምፒዩተሩ ግን ተነሣ፤ ሁሉም «ተመስገን» አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ባደረ ማግሥት፣ ኮምፒዩተሩ እንደ ፊተኛው አልነሣ አለ። ዳግመኛ ፎርማት ተደረገ። ለሦስተኛ ጊዜ ባመመው ጊዜ «ሞቷል» ተባለና ግምጃ ቤት ገባ።

ጓደኛችን የኮምፒዩተር ተማሪ አይደለም፤ የግብርና ተማሪ ነው። ፈቃድ ጠይቆ ግምጃ ቤቱን አስከፈተ፤ ከጎረቤትም ካቻቢቴ ተዋሰ። በቅድሚያ ኮምፒዩተሩን አበራና ወደ ባዮስ ገባ። ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የኮምፒዩተሩን አካላት አንድ በአንድ ቀስቅሶ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። በዚያ ገጽ ላይ ቀኑ «ጃንዩወሪ 1፣ 2017» ይላል። የሬከርድ ክፍሉን ኀላፊ ጠርቶ ቢያሳያቸው «ዓመቱስ ልክ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ጊዜው የካቲት 2017 ዓ.ም. ነበርና። ኮምፒዩተር ግን የሚቈጥረው በፈረንጅ ነው። በፈረንጅ 2025 ሆኖ ሳለ እርሱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል። የገዛ ዘመን አቈጣጠራችን የበሽታውን ምልክት ሸፍኖ አኖረው።

በኮምፒዩተሩ ማዘርቦርድ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትገኛለች። መጠሪያዋ ሲአር 2032 ነው፤ ቍጥሩም 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ከመብራት በተለየ ጊዜ ሰዓቱን የምታስቈጥረው እርሷ ናት። በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የባዮሱን ምርጫዎች፣ ማለት ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣና ዲስኩን በምን ስልት እንደሚያነብ፣ የምትጠብቀውም እርሷው ናት። ባትሪዋ ስታልቅ ምርጫዎቹ ፋብሪካው እንዳወጣቸው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር በሽታ ይኸው ነበር። ዊንዶውሱ በተጫነ ጊዜ የዲስኩ አነባበብ ስልት ተለውጦ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቍጥር ግን ስልቱ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ዊንዶውስም የተጫነበትን ስልት ሲያጣ መነሣት ይሳነዋል። ዲስኩ ጤነኛ ነበር፤ ዊንዶውሱም ጤነኛ ነበር። ጓደኛችን ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪ ገዝቶ ቀየረ፤ ቀኑን ሞላ፤ ስልቱንም አስተካከለ፤ ኮምፒዩተሩ ተነሣ። የአራቱ ዓመት መዝገብ ግን አልተነሣም፤ ሁለት ጊዜ በላዩ ተጽፎበታልና።

እንዲህ ያለው ነገር በፎገራ ሜዳ የሚበረታበት ምክንያት አለው። ኮምፒዩተር በሶኬት ተሰክቶ ሲያድር፣ ቢጠፋም እንኳ፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚደርሰው ባትሪዋ ታርፋለች። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ሠራተኛው ማታ ሲወጣ ገመዱን ሲነቅል፣ ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ይወድቃል። መንቀሉ ጥፋት አይደለም፤ ክረምት መብረቅ በሚበዛበት አገር መንቀል ይገባል። ባትሪዋ ግን ዕድሜዋ አጭር መሆኑን ዐውቆ በጊዜው መቀየር እንደዚሁ ይገባል። ከዚህም ሌላ በመኸር ጊዜ የሩዝ መፈልፈያው ትልቅ ሞተር ሲነሣ በዚያው መሥመር ያለው ኤሌክትሪክ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ሲቆም ከፍ ይላል። በበጋ የዋልካው አቧራና የሩዙ ገለባ ብናኝ በማራገቢያው እየተሳበ ሳጥኑ ውስጥ ይከማቻል፤ በክረምት ደግሞ ከጣና የሚነሣው እርጥበት የራሙን ጥርሶች ያደበዝዛል። ኮምፒዩተሩ በተሠራበት አገር የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ስለ ፎገራ አቧራና ሞተር አይናገርም። ይህን መናገር የሚገባን እዚሁ የምንኖር፣ እዚሁ የምንማር ሰዎች ነን።

እንግዲህ ኮምፒዩተር አልነሣም ሲል ምን ይደረግ? መልሱ በሽተኛ እንደሚጠየቅ በተራ መጠየቅ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ርካሽ ከሆነው ወደ ውድ፣ ከማይጎዳው ወደሚጎዳው መሄድ ነው።

አንደኛ፣ ምንም መብራት ካልታየና ምንም ካልዞረ፣ ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑት፤ ገመዱን በሌላ ገመድ ለውጡ፤ ማከፋፈያውንና ስታቢላይዘሩን አልፋችሁ በቀጥታ ሰክታችሁ እዩ። በፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማብሪያ ተዘግቶ እንደ ሆነ ተመልከቱ። በአንዳንድ አሮጌዎች ላይ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ አለ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ከ230 ፈቀቅ እንዳታደርጉት፤ 115 ላይ ሆኖ የተሰካ ይቃጠላል። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የሚቀር ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል፤ እርሱ በሙሉ የሚለወጥ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ በቅድሚያ የስክሪኑን ገመድና ኤሌክትሪክ መርምሩ። ስንቱ ደኅና ኮምፒዩተር በላላ የስክሪን ገመድ ምክንያት ተረግሟል! ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፉና ገመዱን ንቀሉ፤ ማብሪያውን ሠላሳ ሰኮንድ ያህል ተጭናችሁ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስጨርሱ፤ የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ ራሙን አውጡ። ወርቃማ ጥርሶቹን በለስላሳ ላጲስ አሻሹ፤ የላጲሱን ብናኝ ጥረጉ፤ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሳችሁ ግጠሙ። ራሙ ሁለት ከሆነ አንድ አንዱን ለብቻው ፈትኑ። ኮምፒዩተሩ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ካሰማ ቍጠሩና ጻፉት። አንድ አጭር ድምፅ በብዙዎቹ ዘንድ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው፤ የተደጋገመ ወይም የረዘመ ድምፅ ብዙ ጊዜ የራም ወይም የስክሪን ካርድ ችግር ነው፤ ትርጕሙ ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያልና የዕቃውን ዓይነት አብራችሁ መዝግቡ።

ሦስተኛ፣ ጽሑፍ መጥቶ ከቆመ፣ ጽሑፉን አንብቡት። ይህ ምክር የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መልእክት ሳያነቡ ማጥፊያውን የሚጫኑ፣ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለ ቀንና ሰዓት የሚናገር ከሆነ ባትሪዋን ጠርጥሩ። ዓመቱንም ስታዩ በፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። የሚነሣበት ዲስክ አላገኘሁም የሚል ከሆነ፣ አንድ ሰው ረስቶ የተወው ፍላሽ ተሰክቶ እንደ ሆነ ንቀሉት፤ ቀጥሎ ባዮስ ገብታችሁ ዲስኩ ይታይ እንደ ሆነ እዩ። ካልታየ ገመዶቹን አውጥታችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግማችሁ አታስነሡት፤ በተነሣ ቍጥር የቀረችውን ዕድሜ ይበላታልና።

አራተኛ፣ ዊንዶውስ ጀምሮ የሚወድቅ ከሆነ፣ የራሱ የጥገና ገጽ አለው፤ ሴፍ ሞድ የሚባልም አነሣሥ አለው። ነገር ግን ማናቸውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ፋይሎቹ ይውጡ። ሊኑክስ የተጫነበት አንድ ፍላሽ ኮምፒዩተሩን ያለ ዊንዶውስ ያስነሣዋል፤ በዲስኩ ላይ የሚጻፍ ምንም ነገር ሳይኖር መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የሚያስፈልገው ፍላሽና ትዕግሥት ብቻ ነው። ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። በስሕተት ፎርማት የተደረገም ቢሆን ወዲያው ቢያቆሙትና ምንም ባይጽፉበት ከፋይሎቹ የሚገኝ ሊኖር ይችላል፤ ከተጻፈበት ግን የለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለው ተረት እህል ለሚያፍስ ሰው ነው፤ በላዩ የተጻፈበትን መዝገብ ግን ማንም ሊለቅመው አይችልም።

በአገራችን ፎርማት የሚያጠፋው ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው አማርኛ ዩኒኮድ ባልሆኑ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ ቢተርፍም፣ ፊደሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከጠፋ፣ ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መዝገቡን የሚያድን ሰው ፊደሎቹንም አብሮ ያድን።

ባለሙያውን ልንወቅስ አልተነሣንም። ለባለሙያው የሚከፈለው ለተነሣ ኮምፒዩተር ነው እንጂ ለዳነ መዝገብ አይደለም። ፎርማት ፈጥኖ ያልቃል፤ ምርመራ ቀን ይፈጃል፤ ዋጋው ግን አንድ ነው። ታዲያ በዚህ ዋጋ ቀኑን ሙሉ የሚመረምር ማን ነው? ጥፋቱ ከአሠሪውም ነው። አሠሪው ሲጠራው «ኮምፒዩተሩን አስነሣልኝ» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ መዝገቤን አውጣልኝ፤ የጠፋበትንም ምክንያት ጽፈህ ስጠኝ» ቢል፣ ለዚህም ተገቢውን ቢከፍል፣ ሥራው ይለወጣል።

ወቀሳችን ይልቁንም ወደ ራሳችን ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥ በየኮርሱ እንማራለን፤ ለፈተናም እንሸመድዳለን። ተመርቀን ስንወጣ ግን የሳጥኑን ክዳን ከፍተን የማናውቅ ብዙዎች ነን። ሳጥኑን በጅምላ «ሲፒዩ» ብለን እንጠራዋለን፤ ሲፒዩ በውስጡ ያለች አንዲት ቁራጭ መሆኗን እያወቅን። መምህሮቻችን በቤተ ሙከራ ውስጥ ክዳን እንዳንከፍት የሚከለክሉን ዕቃው በስማቸው ስለተመዘገበ ነው፤ እንረዳቸዋለን። ነገር ግን ሕክምና የሚማር ተማሪ በሽተኛ ሳያይ ይመረቃልን? በግምጃ ቤታችን «የማይሠራ» ተብለው ከተደረደሩት ኮምፒዩተሮች ለትምህርት የሚበጁ ይጠፋሉን? እነዚህ ቢበላሹ ከነበሩበት የከፋ አይደርስባቸውም፤ ቢነሡ ግን ትርፍ ነው።

የግምጃ ቤቱ ነገር ከተነሣ፣ የንብረት አያያዛችንንም መጥቀስ ያሻል። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ በስሙ ያለ ሰው ክዳኑን ለማስከፈት ይፈራል፤ አንዲት ባትሪ ለመግዛት የሚጻፈው ደብዳቤ ከባትሪዋ ይከብዳል። ስለዚህ ዕቃው ተቈልፎበት ቢያረጅ ማንም አይጠየቅም፤ ቢከፈትና ቢበላሽ ግን የከፈተው ይጠየቃል። ይህ ደንብ ዕቃን የሚጠብቅ ይመስላል፤ በእርግጡ ግን የሚጠብቀው ቍጥሩን ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ በግምጃ ቤት የተቈለፈው ኮምፒዩተር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ዓይነት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን የምታስታውሱ መምህራን፣ ጠጋኝ ያልተዘጋጀለት ዕቃ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ በወረታ የማይነሣ አንድ ኮምፒዩተር የአንድ ተማሪ ወንበር ነው ማለት ነው። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። እነዚህም ጤነኛ ሆነው ሳለ «ሞቱ» ሊባሉ ነው፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለዓመታት ሊያገለግሉ ሲችሉ።

«ይህን ሁሉ ከኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሲኖር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም አንረሳውም። በዚያን ጊዜ የጠቀመው በራስ ውስጥ ያለውና በወረቀት የተጻፈው ዕውቀት ብቻ ነበር። ይህችም የተባዛች ወረቀት መብራት አትፈልግም።

ስለዚህ ኅብረታችን ሦስት ነገር ያቀርባል። የመጀመሪያው ለመምህሮቻችን ነው፦ ከግምጃ ቤት ዐሥር የማይሠሩ ኮምፒዩተሮች በትምህርት ስም ወጪ ተደርገው፣ የየትኛውም ፋኩልቲ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በመምህር ፊት ክዳን ከፍቶ የሚማርበት ሰዓት እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ሁለተኛው ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ነው፦ ባትሪን፣ ገመድንና ጽዳትን የሚመለከት ጥቃቅን ጥገና ያለ ደብዳቤ እንዲፈቀድ፣ መዝገብ ሳይገለበጥና አለቃው ሳይፈርም ግን ፎርማት እንዳይደረግ ደንብ ይውጣ። ሦስተኛው ለራሳችን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» በሚባለው ደንብ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተማሩት በትምህርት ቤቶች ነበር። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። በክረምቱ ዕረፍት ወደ ወረታም ሆነ ወደየትውልድ ቀያችን ስንሄድ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ላጲስ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ የሊኑክስ ፍላሽና አንድ ባዶ ፍላሽ ይዘን፣ ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን ጎራ ብንል በቂ ነው። አለቃውን አስፈቅደን፣ የነካነውን በወረቀት ጽፈን፣ ያልቻልነውን ለባለሙያ ትተን እንመለስ። የነካ ሁሉ ያድናል አንልም፤ ያልተጠየቀ በሽተኛ ግን እንዴት ይድናል?

በዚያ ትምህርት ቤት መልቀቂያውን ፈልጎ የመጣ አንድ የቀድሞ ተማሪ፣ ጓደኛችን በነበረበት ቀን፣ «መዝገብህ ጠፍቷል፤ ካርድህ በቤትህ ካለ አምጣ» ተብሎ ተመልሷል። መንገዱ በእግር የሦስት ሰዓት ነው። ካርዱ በቤቱ ይኑር አይኑር አናውቅም። መዝገቡን ያጠፋው ግን በአንዲት ባትሪ ፈንታ የተደረገ ፎርማት መሆኑን እናውቃለን።